ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የመጡ ናቸው፤ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰንዳፋ፣ ከገላን፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቃሊቲ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች እጃቸው ላይ ያለው ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከላቸው አንድ ወይም ሁለት ሴንሰር (ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳር የሚለካው መሣሪያ) ብቻ ነው። ሲያልቅ ወዲያው የሚተካ የላቸውም። ስለዚህ መልሶቻችንን የጻፍነው በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ለሚቀይር ሰው ሳይሆን ያለችውን አሟጦ መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ነው። ቁጥሮቹ በሙሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው፤ መሣሪያዎ በሚሊሞል የሚያሳይ ከሆነ በ18 ያባዙት። የመድኃኒት መጠን ግን በደብዳቤ አይቀየርም፤ እሱን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከጣልያን «ሊብሬ 2» የሚባለውን ሴንሰር ሁለት ይዛልኝ መጣች። አንዱን ክንዴ ላይ ለጠፍኩት፤ ስልኬን ባስጠጋው ባስጠጋው ግን አያነብም። ተበላሽቶ ይሆን? (ከቡራዩ)

መልስ፦ ሴንሰሩን አይንቀሉት። 14ቱ ቀን መቆጠር የሚጀምረው ሲያስጀምሩት እንጂ ሲለጥፉት አይደለም። ከሁሉ በፊት ስልክዎን ይመርምሩ። ይህ ሴንሰር በስልክ ከሆነ የሚጀመረው ኤንኤፍሲ (በማስጠጋት ብቻ የሚያነብ ቴክኖሎጂ) ባለው ስልክ ብቻ ነው፤ እኛ አገር በብዛት የሚሸጡት ርካሽ ስልኮች ደግሞ ብዙዎቹ ይህ የላቸውም። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ኤንኤፍሲ የሚል ይፈልጉ። ከሌለ ምንም ቢያደርጉ አያነብም። ካለ ያብሩት፣ የስልኩን ሽፋን በተለይ ብረት ያለበት ከሆነ ያውልቁት፣ ከዚያ የስልኩን ጀርባ ከላይ ጀምረው ወደ መሀል ቀስ እያሉ ሴንሰሩ ላይ ያንሸራትቱት።

ስልክ ለመዋስ ካሰቡ አንድ ነገር ይወቁ፦ በአንድ ስልክ የተጀመረ ሴንሰር በሌላ ስልክ አይነበብም። የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ካስጀመሩት ለ14 ቀን የዚያ ልጅ ጥገኛ ሆኑ ማለት ነው። አምራቹ የሚሸጠው የራሱ ማንበቢያ ካለዎት ደግሞ መጀመሪያ በእሱ ያስጀምሩት፣ ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ በስልክ ይንኩት፤ ሁለቱም ያነባሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ማንበቢያው አያውቀውም። ሴንሰሩን የሚያነበው የስልክ አፕም ሴንሰሩ ለተገዛበት አገር የተሠራው መሆን አለበት። የአውሮፓን ሴንሰር በአሜሪካ ማንበቢያ ማስጀመር አይቻልም፤ በየዘመዱ ሻንጣ የሚመጣው ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚባክነው በዚህ ነው። ወደፊት የሚልክልዎ ሰው ሴንሰርና ማንበቢያውን ከአንድ አገር እንዲገዛ ይንገሩት።

ለሁለተኛው ሴንሰር አለጣጠፍ፦ የላይኛውን ክንድ ጀርባ፣ ሥጋ ያለበትን ቦታ ይምረጡ፤ ጠባሳ፣ ማሪያም ሳመችኝ ወይም ኢንሱሊን የሚወጉበት ቦታ አጠገብ አይሁን። ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ፣ በአልኮል ይጥረጉ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባ ቆዳ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ይላቀቃል። ማስገቢያውን ቀጥ አድርገው እስኪጫን ይግፉት፣ ጥቂት ሰከንድ ይዘው ይቆዩ፣ ካነሱት በኋላ የማጣበቂያውን ዙሪያ በጣት ያሹት። ትንሽ ደም ቢታይ ችግር የለም፤ የማይቆም ከሆነ ግን ያውጡት። ካስጀመሩት 60 ደቂቃ በኋላ ማንበብ ይጀምራል። ያልተከፈተውን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የሙቀት መጠን ያስቀምጡት፤ መኪና ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቁም ሳጥን ላይ አይተዉት።

ጥያቄ፦ ከምሳ በኋላ ሴንሰሩ 128 ሲለኝ ጣቴን ወግቼ ስለካ 171 ሆነ። የትኛውን ልመን? ሁለቱንም ማመን አቃተኝ። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የጣትዎ ማሽን የሚለካው ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ነው። ሴንሰሩ የሚለካው ከቆዳ ሥር በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስኳር ከደም ወደዚያ ፈሳሽ እስኪደርስ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ምግብ በልተው ስኳሩ እየወጣ ባለበት ሰዓት ሴንሰሩ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እየወረደ ባለበት ሰዓት ደግሞ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ያሳያል። ሁለተኛው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ሴንሰሩ 82 እያለዎት ደምዎ 65 ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ከፈለጉ ስኳሩ በተረጋጋበት ሰዓት ያወዳድሩ፦ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ወይም ከምግብ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ስክሪኑ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የሚታየው ቀስት አግድም ተኝቶ ሳለ። አግድም ቀስት ማለት በደቂቃ ከ1 ሚሊግራም በታች እየተለወጠ ነው ማለት ነው፤ ሰያፍ ከሆነ በደቂቃ ከ1 እስከ 2፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከ2 በላይ። ቀጥ ያለ ቀስት እያዩ የሚነጻጸር ቁጥር ትርጉም የለውም። የጣት ማሽኑም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ዓለም አቀፉ መስፈርት ከ100 በላይ ለሆነ ስኳር እስከ 15 በመቶ፣ ከ100 በታች ለሆነ ደግሞ እስከ 15 ሚሊግራም ልዩነት ይፈቅድለታል። 180 እና 200 በዚህ ዓይን አንድ ናቸው።

ጣትዎን ሲወጉ እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ብርቱካን ወይም ማንጎ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ ቁጥሩን በብዙ ከፍ ያደርገዋል። የስትሪፕ ብልቃጡን ክዳን ወዲያው ይዝጉ፤ እርጥበት ያበላሸዋል።

ሴንሰሩን ትተው ጣትዎን የሚያምኑባቸው ጊዜያት እነዚህ ናቸው፦ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ሰውነትዎ የሚነግርዎና ቁጥሩ ሲጣሉ (ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ መምታት እያለ ስክሪኑ 110 ሲል)፣ ከ70 በታች ሲያሳይ፣ እና ስኳር ወርዶብዎ ካከሙት በኋላ መመለሱን ለማረጋገጥ። መድኃኒትም ያሳስተዋል። ሊብሬ 2 በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ለሚወስድ ሰው ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ጉንፋን ሲይዘን ውሃ ውስጥ የምናሟሟት ፍሬ አንዷ ብዙ ጊዜ 1,000 ሚሊግራም ናት። ዴክስኮም የሚባለውን ሌላ ሴንሰር ለሚጠቀሙ ደግሞ የሚያሳስበው ፓራሲታሞል ነው፤ ጂ6 እና ጂ7 የሚባሉት ሞዴሎቹ በየስድስት ሰዓቱ እስከ 1 ግራም (500 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ) ይችላሉ፣ ከዚያ ካለፈ ይሳሳታሉ።

ጥያቄ፦ የ66 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ደፍራሳውን ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ተኩል እወጋለሁ። ሴንሰሩ ሌሊት 03:00 ላይ 58 ያሳያል፤ ጠዋት ስነሣ 240 ነው። የጠዋቱ ስለበዛብኝ የማታውን ኢንሱሊን ልጨምር? (ከሰበታ)

መልስ፦ አይጨምሩ። የሌሊቱ 58 እውነት ከሆነ የማታውን መጨመር ሌሊቱን ይበልጥ አደገኛ ያደርገዋል።

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል። ስልኩ 03:00 ሲል ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ታካሚው «9 ሰዓት ላይ ወረደብኝ» ሲል ሐኪሙ ግራፉ ላይ 09:00ን፣ ማለትም ከጠዋቱ 3 ሰዓትን የሚያይበት ጊዜ አለ። ማስታወሻ ሲይዙ በኢትዮጵያ ሰዓት ይጻፉና አጠገቡ የስልኩን ሰዓትም ያክሉበት።

ደፍራሳው ኢንሱሊን (ኤንፒኤች) ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ጉልበቱ የሚበረታው። እርስዎ 12 ተኩል ላይ ከወጉት ያ ጊዜ ከምሽቱ 4 ተኩል እስከ ከሌሊቱ 10 ተኩል ይውላል። የእርስዎ 9 ሰዓት እዚያው መሀል ላይ ነው፤ ስለዚህ መውረዱ እውነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ግን ሌላም ምክንያት ይኖራል፦ ሴንሰሩ ባለበት ክንድ ላይ ተኝተውበት ከሆነ ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ይጨመቅና ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። ግራፉን ይዩት። በተጫነ ጊዜ መስመሩ ድንገት ገደል ይገባል፣ ሲገላበጡ ደግሞ ድንገት ይመለሳል። እውነተኛው መውረድ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ሰዓት እየተንሸራተተ ይመጣል።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ ለሦስት ሌሊት እንዲህ ያድርጉ። በሌላኛው ጎን ይተኙ። የዝቅተኛውን ማንቂያ 80 ላይ ያድርጉት፤ ስልኩ አልጋዎ አጠገብ ይሁን፣ ሊብሬ 2 ከ6 ሜትር በላይ ከራቀ ድምፅ አያሰማምና። ሲጮህ ጣትዎን ይውጉ። ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ 15 ደቂቃ ቆጥረው እንደገና ጣትዎን ይውጉ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ ይድገሙት። ሲመለስ ግማሽ ቁራሽ ዳቦ ይብሉ፤ ደፍራሳው ገና እየሠራ ነውና። እንጀራ ወይም ቅባት ያለበት ምግብ ለመጀመሪያ እርዳታ አይሆንም፤ ቀስ ብሎ ነው ስኳር የሚሆነው። ብዙዎች በድንጋጤ ያገኙትን ሁሉ ይበሉና ጠዋት 240 ሆነው ይነሣሉ፤ የእርስዎም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ምንም ሳይበሉ 240 ከደረሱ ግን ምክንያቱ የማታው ኢንሱሊን ንጋት ላይ ማለቁ፣ ወይም ሰውነት ሊነጋ ሲል የሚለቃቸው ሆርሞኖች ናቸው። ከ9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለውን መስመር ሲያዩ የትኛው እንደሆነ ይለያል።

ጣትዎ ከ70 በታች ካረጋገጠ ቀጠሮዎን አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። ከ54 በታች ከሆነ በማግስቱ። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም የማታውን ደፍራሳ ወደ መኝታ ሰዓት፣ 3 ወይም 4 ሰዓት ሊያዛውረው ይችላል፤ ጉልበቱ ያን ጊዜ ወደ ንጋት ይሸሻል። ከመውጋትዎ በፊት ብልቃጡን በመዳፍ መካከል ቢያንስ 10 ጊዜ ያንከባልሉት። ሳይደባለቅ የተቀዳ ደፍራሳ አንድ ቀን ቀጭን ሌላ ቀን ወፍራም ይሆናል፤ ሌሊቶችዎ የማይመሳሰሉት በዚህም ሊሆን ይችላል። ደጋግመው ከሚወጉበት ያበጠ ቦታም ይራቁ። በእርስዎ ዕድሜ መውረድ ከመውጣት ይበልጥ ያስፈራናል፤ ወድቆ ዳሌ መሰበር አለ፣ የልብም ጉዳት አለ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር አለብኝ፣ የምወስደው ሜትፎርሚን ብቻ ነው። ያለኝ አንድ ሴንሰር ነው። የጤፍ እንጀራ ችግር የለውም ይሉኛል፤ እውነት ነው? በ14 ቀን ምን ልማር? (ከገላን)

መልስ፦ ጤፍ ብረትና አሰር አለው፣ ጥሩ እህል ነው። ግን አብዛኛው ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል። «ጤፍ ስለሆነ አይጎዳም» ብሎ ሁለት እንጀራ መብላት ስኳሩን ከፍ ያደርጋል። ስንት እንደሚስማማዎ የሚነግርዎ ግን የራስዎ ሰውነት ነው፤ ሴንሰር ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ሰው ዋጋ የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀን ምንም አይቀይሩ። እንደ ወትሮው ይብሉ፣ ሁሉንም ይጻፉ። ከዚያ በሳምንት ውስጥ ደጋግመው የሚበሏቸውን አራት ወይም አምስት ምግቦች ይምረጡና አንድ በአንድ ይፈትኗቸው። ፈተናው ልክ የሚሆነው ከመብላትዎ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ምንም ካልበሉና ስኳር ያለው ሻይ ካልጠጡ ነው። ከመብላትዎ በፊት ያለውን ቁጥር ይጻፉ፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ በ1 ሰዓት፣ በ2 ሰዓትና በ3 ሰዓት ያለውንም። መጠኑን ይለኩ፦ አንድ ሙሉ እንጀራ፣ ግማሽ፣ ሩብ፤ ወጡን በጭልፋ። አብሮ ከአንድ ትሪ ሲበላ መጠን አይታወቅም፤ በፈተናው ቀን የራስዎን ድርሻ ለብቻ ያቅርቡ። እያንዳንዱን ምግብ በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ከ20 እስከ 30 ያለ ልዩነት ምንም ማለት አይደለም።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ሰኞ አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ፤ ማክሰኞ ግማሽ እንጀራ በዚያው ሽሮ፣ ጎመንና ምስር ተጨምሮበት። ረቡዕ የማክሰኞውን ይድገሙት፣ ግን ጎመኑንና ምስሩን አስቀድመው ይብሉ፣ እንጀራው ኋላ ይምጣ። ሐሙስ እንደዚያው በልተው ወዲያው 15 ደቂቃ ይራመዱ። ከምግብ በኋላ መራመድ ጡንቻው ስኳሩን እንዲጠቀምበት ያደርጋል፤ ብዙ ሰው ላይ ግራፉ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ግብዎ ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች መሆን ነው።

ሻይን አይርሱ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው በቀን አራት ሻይ ከጠጣ 48 ግራም ጨመረ፤ እንጀራውን ግማሽ አድርጎ ይህን ካልነካው ምንም አላተረፈም። በሶንም ይፈትኑት፣ አንድ ቀን ተበጥብጦ፣ አንድ ቀን ተለውሶ፣ የዱቄቱ ማንኪያ እኩል ሆኖ።

በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ቆይተው በአንዴ ጠገብ ብለው የሚበሉ ከሆነ ያንን ግራፍ ለብቻ ያስቀምጡት፤ ከፍስክ ቀን ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ ለእርስዎ ጾሙ ብዙ አያሰጋም። ግሊቤንክላማይድ (ስኳር የሚያወርድ እንክብል) ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ አንባቢዎች ግን ይህን ለራሳቸው አይውሰዱት፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ሳይስተካከል መጾም ስኳራቸውን ከ70 በታች ሊጥለው ይችላል። ከመጾማቸው በፊት ሐኪማቸውን፣ ከሐኪሙ ጋር ደግሞ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ አንደኛው ዓይነት ስኳር አለበት፤ 25 ኪሎ ነው። ትምህርት ቤት ሆኖ ስኳሩን በስልኬ ማየት ፈልጌ ነበር፣ ኔትወርኩ ግን ይመጣል ይሄዳል። ለመምህሩስ ምን ልስጥ? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ከሩቅ መከታተል ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ልጁ አጠገብ ባለው ስልክ ወይም ማንበቢያ ላይ ማየትና ማንቂያው መጮህ ግን አይፈልግም። ስለዚህ ደኅንነቱን በእርስዎ ስልክ ላይ አይመሥርቱት። ማንበቢያው ልጁ ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ የሚሰሙበት ቦታ ይሁን። ሊብሬ 2 የመጨረሻዎቹን 8 ሰዓታት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሳይነበብ ካለፈ መሀሉ ባዶ ይቀራል። ጠዋት ሲወጣ፣ ምሳ ላይ፣ ሲመለስ፣ ማታ ሲተኛ ይነበብ።

ለ25 ኪሎ ልጅ ስኳር ሲወርድ የሚበቃው 0.3 ግራም በኪሎ፣ ማለትም 7 ወይም 8 ግራም ነው። ያ ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው፤ የአዋቂው መጠን ለእሱ ይበዛበታል። በትናንሽ ፕላስቲክ ሁለት ሁለት ማንኪያ ለክተው አስረው አምስት ያህል ይስጡ፣ ከትንሽ ውሃ ጋር። መምህሩ የሚያውቁት ወረቀት አጭር ይሁን፦ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም ቢያልበው፣ ቢገረጣ፣ ቢነጫነጭ፣ ዝም ቢል አንድ ጥቅል ስኳር በውሃ ይጠጣ፤ 15 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ካልተመለሰ ሁለተኛ። ብቻውን ወደ መጸዳጃ ቤት ወይም ወደ ቤት አይላክ። ራሱን ከሳተ ወይም ካንቀጠቀጠው አፉ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ በጎኑ ይተኛ፣ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ስፖርት ባለበት ቀን ከክፍለ ጊዜው በፊት ይታይ።

ማስታወክ ከጀመረውና ስኳሩ ከ250 በላይ ከሆነ፣ ሆዱን ካመመው፣ አተነፋፈሱ ከከበደ፣ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ደም ውስጥ የሚከማች አሲድ) ሊሆን ስለሚችል ጊዜ ሳይሰጡ ሆስፒታል ይውሰዱት። አልበላም ተብሎ ኢንሱሊን ሙሉ በሙሉ አይቆምም።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ጠበል ለሁለት ሳምንት ልጠመቅ አስቤአለሁ። ሴንሰሩ ውሃ ይችላል? ጠበል ላይ ሳለሁ ኢንሱሊኔን ላቁም የሚሉኝም አሉ። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ከኢንሱሊኑ እንጀምር። አያቁሙ። በተለይ አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደሙ በኬቶን ሊመረዝና ሊሞት ይችላል። ጠበሉም ኢንሱሊኑም አብረው ይሄዳሉ፤ ይዘው ይሂዱ፣ በሰዓቱ ይውጉ። በባዶ ሆድ ጠዋት የሚጠመቁ ከሆነ የጠዋቱ መጠን እንዴት እንደሚሆን ከመሄድዎ በፊት ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፣ ኪስዎ ውስጥም ስኳር ይኑር።

ሊብሬ 2 እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ውሃ ይችላል። ከላይ በኃይል የሚወርድ ውሃ ግን ማጣበቂያውን ያነሣዋል፤ ክንድዎን ከግፊቱ ዞር ያድርጉ፣ ከወጡ በኋላ ሳያሹ ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። ከፍታውንም ያስቡበት። አምራቹ ለሊብሬ 2 የሰጠው ወሰን 3,048 ሜትር ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የጣት ማሽኖችም የከፍታ ወሰን አላቸው፤ የእርስዎ ማሽን መመሪያ ላይ ያዩታል። እዚያ ሳሉ የሚያዩትን ቁጥር ከስሜትዎ ጋር ያመሳክሩ። የቀዘቀዘ ጣትም ደም አይሰጥም፤ ከመውጋትዎ በፊት ያሙቁት።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን መብራት ይጠፋል፣ አንዳንዴ አንድ ቀን ሙሉ። ስልኩም ኢንሱሊኑም ያሳስበኛል። (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ ስልክ ቢጠፋም ሴንሰሩ መለካቱን አያቆምም። ሊብሬ 2 የ8 ሰዓት፣ ዴክስኮም ጂ7 ደግሞ የ24 ሰዓት ያህል ንባብ ይይዛል፤ ስልኩ ሲበራ ይሞላዋል። የሚቀረው ማንቂያው ነው፤ ስለዚህ ያለችውን ባትሪ ለሌሊት ያስቀምጡ። እየተጠቀሙበት ያለው ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ሙቀት ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ያልተከፈተው በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ገንቦ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። መብራት ሲመጣ ቶሎ ይቀዝቅዝ ተብሎ በረዶ ቤት ውስጥ አይግባ፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

ጥያቄ፦ አፑ «በወሰን ውስጥ 61 በመቶ» ይለኛል፣ የሦስት ወር ስኳር ግምቱንም 7.4 ይሰጠኛል። ላቦራቶሪ ያሠራሁት የሦስት ወር ስኳር ደግሞ 8.6 ነው። የቱ ይዋሻል? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ አፑ 7.4 ያለው የ14 ቀኑን አማካይ ስኳር (በእርስዎ 171 ገደማ) በቀመር ቀይሮ ነው። ላቦራቶሪው የሚያየው ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ሴንሰሩን ከለጠፉ ጀምሮ ምግብዎን ተጠንቅቀው ከሆነ ልዩነቱ ከዚያ ይመጣል። ሌላው ምክንያት ደም ማነስ ነው፤ የብረት እጥረት የሦስት ወሩን ውጤት በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ሄሞግሎቢንዎ ታይቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

61 በመቶ ማለት ከ70 እስከ 180 ባለው ውስጥ የቆዩበት ጊዜ ነው። ለአብዛኛው አዋቂ የሚመከረው ከ70 በመቶ በላይ ነው፤ ከ70 በታች ያለው ከ4 በመቶ፣ ከ54 በታች ያለው ከ1 በመቶ ሳይበልጥ። ለአረጋውያንና ለሌላ ሕመምተኞች ግቡ ይላላል፦ ከ50 በመቶ በላይ ይበቃል፣ ከ70 በታች ያለው ግን ከ1 በመቶ ማነስ አለበት። ሴንሰሩ ከ14ቱ ቀን ቢያንስ 70 በመቶውን ካልመዘገበ እነዚህን ቁጥሮች አይመኑባቸው። ለሐኪምዎ ሲወስዱ የስልኩን ስክሪን ብቻ አያሳዩ፤ ሪፖርቱን ኢንተርኔት ቤት ያሳትሙት፣ ከጎኑ የበሉትንና የወጉትን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ቀጠሮ ላይ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ዕለታዊውን ግራፍ ሁሉ ከማገላበጥ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚደጋገመውን አንድ ችግር ከብበው ያሳዩ።

አጫጭር መልሶች

ማጣበቂያው ለሚያሳክካት የአየር ጤና አንባቢያችን፦ አልኮሉ ሳይደርቅ መለጠፍ አንዱ ምክንያት ነው። ውሃ የቋጠረ ወይም የቆሰለ ከሆነ ያንሡት፣ ቀጣዩን በሌላኛው ክንድ ያድርጉ።

ሴንሰሩ በታክሲ ግፊያ ለተነቀለባቸው የጀሞ አንባቢያችን፦ የወጣ ሴንሰር ተመልሶ አይገባም። ገና ከዳር መነሣት ሲጀምር መሀሏ የተቀደደ ፕላስተር ዙሪያውን ይለጥፉበት፤ ሴንሰሩን ራሱን ግን አይሸፍኑት።

ኤምአርአይ ለታዘዘላቸው የአያት አንባቢያችን፦ ወደ ክፍሉ ከመግባትዎ በፊት ሴንሰር እንዳለብዎ ለባለሙያው ይንገሩ፤ መመሪያው ያውልቁት የሚል ከሆነ መውጣቱ ስለማይቀር፣ የተረፈዎት አንድ ብቻ ከሆነ ከምርመራው በኋላ ይለጥፉት።